ሲክል ሴል ያለበትን ልጅ ሆዱን ሲያመው «ታይፎይድ ነው» ከመባሉ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። የ4 ዓመቱ ልጅሽ ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጣምም በዘር የሚተላለፍ በሽታ) አለበት፣ ሦስት ቀን ሆዱን አሞት ተቅማጥ ይዞታል፣ ክሊኒክ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ተሠርቶለት «ታይፎይድ» ተብሎ ሽሮፕ ይዘሽ ተመልሰሻል። ሽሮፑ ይቆይና መጀመሪያ ጣፊያውን ዳብሺ።

1. በጀርባው አስተኝተሽ ጉልበቱን እጠፊለት፤ ሆዱ ይላላል። እጅሽን አሙቀሽ ከእምብርቱ በታች ጀምረሽ፣ ሳትጫኚ፣ በጣትሽ ጫፍ ወደ ግራ ጎድኑ ከፍ እያልሽ ሂጂ። አየር ሲስብ ጠንከር ያለ ጠርዝ ጣትሽን ከነካ ጣፊያው እሱ ነው። ከጎድኑ በታች ስንት ጣት እንደወረደ ደህና በሆነበት ቀን ለክተሽ ደብተር ላይ ጻፊ፤ ያለዚያ ሲታመም የምታወዳድሪበት አይኖርሽም። ከወትሮው አድጎ ካገኘሽው፣ መዳፉና የዓይኑ ቆብ ውስጡ ከነጣ፣ ልጁም ከደከመ ደሙ ጣፊያው ውስጥ እየታገተ ነው። ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደሙ ክፍል) በሰዓታት ውስጥ ሊያሽቆለቁል ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዘሽ ቀጥታ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ሕፃናት ድንገተኛ። ካርድ ክፍል ሰልፍ አትያዢ፤ መጀመሪያ ላገኘሽው ነርስ «ሲክል ሴል አለበት፣ ጣፊያው አድጓል» በይ። ብትቆጣሽም ደግመሽ ንገሪያት። ሆዱንም ማንም እንዳያሸው! ያበጠ ጣፊያ በማሸት ሊፈነዳ ይችላል።

2. ትኩሳቱን ፓራሲታሞል ከመስጠትሽ በፊት ለኪ። 38.5 ከደረሰ ቤት የሚታከም ነገር አይደለም። ዊዳል የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው፤ ድሮ የታመመም ሌላ ኢንፌክሽን የያዘውም «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል። በዚያች ወረቀት ብቻ ልጅን ከክሊኒክ ወደ ቤት መሸኘት በጣም ያናድደኛል። አንቲባዮቲክ ሳይጀመር የደም ካልቸር (ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) እንዲወሰድ ጠይቂ። የእነዚህ ልጆች ጣፊያ ባክቴሪያን በደንብ ስለማያጣራ ሳልሞኔላ (ታይፎይድንም ተቅማጥንም የሚያመጣው የባክቴሪያ ዘር) ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አጥንት ሊያልፍ ይችላል። ከተቅማጡ በኋላ ባሉት ቀናት ወይም ሳምንታት እግሩን ካነከሰ ወይም አንድ ቦታ ካበጠበት ሐኪሙ ስለ አጥንቱ እንዲያስብ ተቅማጡን አስታውሺው።

ፈሳሹ ላይ ደግሞ አትዘናጊ፤ ውሃ ሲያጥረው ቀይ የደም ሕዋሱ ይታጠፍና ሕመሙ ይብሳል። አንዱን የኦአርኤስ (የተቅማጥ ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) ከረጢት ሙሉውን በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪ፣ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። በብርጭቆ ከበጠበጥሽው ጨዉ በዝቶ ይጎዳዋል። ባስቀመጠው ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ስጪው፤ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ታግሰሽ በማንኪያ ቀጥዪ። ከ24 ሰዓት ያለፈውን ድፊው። ዚንክ 20 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን። ፓራሲታሞል በኪሎ እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ። አይቡፕሮፌን ግን ውሃ ባጠረው ልጅ ላይ ኩላሊት ይጎዳል። ነጥቷል ብለው የአይረን ሽሮፕ ቢያዙልሽ ፌሪቲኑ (በሰውነቱ የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ የደም ምርመራ) ሳይለካ አትጀምሪ።

ከእህቴ ጥያቄ ስር ስለ ታላሴሚያ (ሌላ በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ) የጠየቅከው ወንድሜ፣ ልጅህ ዴስፌሮክሳሚን (ትርፍ ብረት ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት) ላይ ከሆነ ትኩሳትና የሆድ ሕመም አብረው ሲመጡ መድኃኒቱን አቁመህ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰደው። የርሲኒያ የሚባለው ባክቴሪያ ያ መድኃኒት የያዘውን ብረት ይመገባል፤ ሕመሙም ትርፍ አንጀት ይመስላል።

እህቴ፣ ሕመሙ በቀኝ ጎድን ስር ሆኖ ዓይኑ ከወትሮው በላይ ቢጫ ከሆነ የሐሞት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ አስነሺው።