ቴሌግራሙን አያጥፉት፤ ሌባውን ከስልክዎ ያስወጡት

ከመሐል ሜዳ የ8ኛ ክፍል መምህርት የሆኑ አንባቢ እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «ባልደረባዬ በቴሌግራም ‹ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ› ብላ ሊንክ ላከችልኝ። ከፍቼ ስልክ ቁጥሬን፣ ከዚያም የመጣልኝን ኮድ አስገባሁ። ማታ በእኔ ስም ለተማሪዎቼ ወላጆች ‹በቴሌብር 3,000 ብር አበድሩኝ› የሚል መልእክት ሲላክ አመሸ። የክፍሉን ግሩፕ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስልኬ ላይ ቴሌግራሙ አሁንም ይሠራል። አጥፍቼ እንደገና ልጫነው?»

በፍጹም አያጥፉት። «ሎግ አውት»ም እንዳይሉ። ብዙ ሰው አካውንቱን ለዘለቄታው የሚያጣው በዚህች ድንጋጤ ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ቀድመው የገቡትን እንዲያስወጣ ለ24 ሰዓት አይፈቅድለትም። ሊንኩ ላይ በጻፉት ኮድ አካውንትዎ ውስጥ የገባው ሌባ አዲስ ገቢ ስለሆነ እርስዎን ማስወጣት አይችልም፤ እርስዎ ግን ነባር ስለሆኑ እሱን ማስወጣት ይችላሉ። ወጥተው ከተመለሱ ነገሩ ይገለበጣል፦ አዲስ ገቢዋ እርስዎ ይሆናሉ፣ የእሱ 24 ሰዓት ቀድሞ ይሞላል።

ስለዚህ አሁኑኑ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ይክፈቱ። ከላይ የሚታየው የእርስዎ ስልክ ነው፤ ከሥሩ አካውንትዎ የተከፈተባቸው ሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮች ከነስማቸው፣ ከነቦታቸውና ከነሰዓታቸው ይደረደራሉ። ቦታው ግምት ስለሆነ በራስዎ ስልክ ላይ «አዲስ አበባ» ቢል አይደንግጡ። በቀይ የተጻፈውን «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» (ሌሎቹን ሁሉ አስወጣ) ይጫኑ። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ከፍተውት የተዉት ቴሌግራም ካለም አብሮ ይዘጋል፤ ይዘጋ፣ እሱም ክፍት በር ነበር።

ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ገብተው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ላይ የይለፍ ቃል ያውጡ። የቴሌብር ፒንዎን ወይም የትውልድ ዘመንዎን አያድርጉት። የማስታወሻ ፍንጭ ሲጠይቅ ቃሉን ራሱን አይጻፉበት፤ የማገገሚያ ኢሜይል ሲጠይቅ ግን አይዝለሉት። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ያለ ይለፍ ቃሉ አይገባም። እርስዎ ያላወጡትን የይለፍ ቃል ከጠየቀዎት ሌባው ቀድሞ አስገብቷል ማለት ነው። «ፎርጎት ፓስወርድ» ብለው እንዲሰረዝ ይጠይቁ፤ 7 ቀን ያስጠብቃል። እስከዚያ ከአካውንቱ አይውጡ። እሱን ካስወጡት በኋላ ያወጣው ቃል ብቻውን አይጠቅመውም፤ ለመግባት አዲስ ኮድ ያስፈልገዋል፣ ኮዱ ደግሞ የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው።

ያ ባለ 5 አኃዝ ኮድ የቤት ቁልፍ ነው። ድምፅ ለመስጠት፣ ስጦታ ለመቀበል ወይም የሚኒስትሪ ውጤት ለማየት ማንም አይጠይቀውም። ኮዱ የመጣበት መልእክት ራሱ ለማንም እንዳይሰጡት ያስጠነቅቃል። ኮዱን በቴሌግራም ለሌላ ሰው ካስተላለፉት ቴሌግራም አይቶ ያመክነዋል፤ ሌቦቹ ሊንክ ላይ እንዲጽፉት ወይም በስልክ እንዲያነቡላቸው የሚያግባቡት ለዚህ ነው። ባልደረባዎም አልላከችውም ይሆናል፤ የእሷም አካውንት ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ደውለው ይንገሯት።

ወላጆችን በጽሑፍ ብቻ አይንገሩ፤ ከዚያው አካውንት የመጣ ማስተባበያ አይታመንም። ግሩፑ ላይ በራስዎ ድምፅ ቀድተው ይላኩ፣ ርዕሰ መምህሩም ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ለተማሪዎቹ ይንገሩ። ገንዘብ የላከ ወላጅ ካለ ከቴሌብር አጭር መልእክቱ ላይ የግብይት ቁጥሩን ይዞ ሳይውል ሳያድር 994 ይደውል፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ ይሂድ። ጉዳዩ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 የሚታይ ነው። የተላኩትን መልእክቶች ስክሪንሾት ሳያነሱ አያጥፉ።

ግሩፑን ሌባው በአንድ ቀን ወደ ራሱ ሊያዞረው አይችልም፤ ባለቤትነት ለማስተላለፍ የይለፍ ቃሉ ከወጣ 7 ቀን፣ ስልኩም ከገባ 24 ሰዓት መሙላት አለበት። አባላትን ግን ሊያባርር ይችላል። ምክትል ርዕሰ መምህሩን ወይም ሌላ መምህር አድሚን ያድርጉ፤ አካውንትዎ ቢጠፋ ግሩፑ አብሮ አይጠፋም።

አንድ የምሰጋበት ነገር አለ። ለራስዎ ፋይል በሚያስቀምጡበት «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ሮስተር (የተማሪዎች ስምና ውጤት ዝርዝር)፣ የፈተና ጥያቄ ወይም የተማሪዎች ፎቶ ካለ ሌባው አይቶታል ብለው ይነሱ። ፈተናው ገና ካልተሰጠ ጥያቄውን ይቀይሩ። ሮስተሩ ላይ የወላጆች ስልክ ቁጥር ካለ የማጭበርበሪያው ቀጣይ ዝርዝር እሱ ስለሚሆን እነዚያን ወላጆች አስቀድመው ያስጠንቅቁ። ወደፊት ሮስተርዎን በኤክሴል የይለፍ ቃል ቆልፈው በፍላሽ ይያዙ።

ሲም ካርድዎ በማን ስም እንደተመዘገበም ያረጋግጡ። በሌላ ሰው ስም ከሆነ ሲጠፋ ምትኩን የሚያወጣው እሱ ነው፤ ኮዱም ወደ እሱ ይሄዳል። መታወቂያዎን ይዘው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሱቅ ይሂዱና በስምዎ እንዲዛወር ይጠይቁ፤ ባለ ስሙም አብሮዎት ቢሄድ ይሻላል።