ሪከርድ ይዛ ከቡድን የቀረችው ዘላይ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ ጀርመን ለ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ «አይሁዳውያን አትሌቶችን አልከለክልም» ብላ ቃል ገብታ እንደነበር አነበብኩ። ካልከለከለች እንዴት ቀሩ? በአንዲት አይሁዳዊት ከፍታ ዘላይ ምትክ ወንድ አሰለፈች የሚባለውስ እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዓመታቱን፣ ወራቱንና ቀናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልን።

ቃሉ በእርግጥ ተሰጥቷል፤ በሰኔ 1933 ቪየና ላይ ለተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኦሊምፒክ ኮሚቴ። ክልከላው ግን ከዚያ በፊት በክለብና በፌዴሬሽን ደረጃ ተጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የቦክስ ፌዴሬሽኑ አይሁዳውያንን አገደና ኤሪክ ዜሊግ ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ። የቴኒስ ፌዴሬሽኑም አይሁዳዊ ለብሔራዊ ቡድን አይመረጥም ሲል ዳንኤል ፕሬንን ስሙን ጠርቶ አስወጣው። ፕሬን ዓመት ሳይሞላው በፊት የአገሮች የቴኒስ ውድድር በሆነው ዴቪስ ካፕ እንግሊዛዊውን ፍሬድ ፔሪን በርሊን ላይ የረታ ሰው ነው። ፔሪና ጓደኛው በኒ ኦስቲን በለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ተቃውሟቸውን ሲያወጡ፣ ከዝነኞቹ ተጫዋቾች ለፕሬን የተሟገተ ሌላ ሰው እምብዛም አልነበረም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክለብ አይሁዳዊውን ያባርራል፤ የተባረረው ለአይሁድ ብቻ በተተዉት ማካቢ ወይም ሺልድ በሚባሉት ማኅበራት ይመዘገባል፤ እነዚህ ማኅበራት ደግሞ የብሔራዊው ፌዴሬሽን አባል አይደሉም። አባል ያልሆነ በብሔራዊ ሻምፒዮና አይወዳደርም፣ በሻምፒዮናው ያልተወዳደረ ደግሞ ለመመረጥ ይቸገራል። ለውጭ ጋዜጠኛ «ሚኒማ ያሟላ አይሁዳዊ አላገኘንም» ማለት የተቻለው በዚህ መንገድ ነው።

የጠየቁን አይሁዳዊት ከፍታ ዘላይ ግሬቴል በርግማን ግን ለዚህ ሰበብ አልተመቸችም። ከኡልም ክለቧ በ1933 ስትባረር ወደ እንግሊዝ ሄደች፤ በ1934 የብሪታንያን ሻምፒዮና 1.55 ሜትር ዘልላ አሸነፈች። አሜሪካ ኦሊምፒኩን እንዳትረግጥ ሲፈራ፣ ለማሳያ የምትሆን አይሁዳዊት አትሌት አስፈለገች። ቤተሰቧ ጀርመን ውስጥ ነበርና በእነሱ ላይ በተሰነዘረ ዛቻ አስገድደው መለሷት። በሰኔ 1936 ሽቱትጋርት ላይ 1.60 ሜትር ዘልላ የጀርመንን ሪከርድ ተጋራች።

የአሜሪካ ቡድን ሐምሌ 15 ከኒውዮርክ በመርከብ ተነሳ። በማግስቱ፣ ሐምሌ 16፣ ለበርግማን ደብዳቤ ተጻፈ፤ ብቃትሽ በቂ ሆኖ አልተገኘም የሚል። ማካካሻ ይሁን ተብሎ የአትሌቲክሱን ውድድር ቆሞ የማየት ትኬት ቀረበላት፤ ለጉዞና ለማረፊያ ግን አንከፍልም ተባለች። ለቡድን ጓደኞቿ የተነገራቸው ተጎድታለች ተብሎ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንምጣ። በምትኳ ተሰለፈ የሚባለው ዶራ ራትየን በሴትነት ተመዝግቦ ያደገ ሰው ሲሆን፣ በርሊን ላይ በሴቶች ከፍታ ዝላይ አራተኛ ወጣ፤ ወንድ መሆኑ የታወቀው በ1938 ማግደቡርግ ባቡር ጣቢያ ፖሊስ ይዞት በሐኪም ሲታይ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ያደገ በመሆኑ፣ ናዚዎች ለበርግማን ምትክ አዘጋጁት የሚለው ወሬ አያስኬድም። ደግሞም ምትክ ለመባል ቦታዋ መያዝ ነበረበት። አንድ አገር ሦስት ዘላይ ማሰለፍ ይችል ነበር፤ ጀርመን ያሰለፈችው ሁለት ነው፣ ራትየንንና ኤልፍሪደ ካውንን። ሦስተኛውን ባዶ መተው መርጠዋል።

ውጤቱስ? ሦስት ሴቶች 1.60 ላይ እኩል ሆኑና በመለያው ሃንጋሪያዊቷ ኢቦያ ቻክ 1.62 ዘልላ ወርቁን ወሰደች። ቻክም አይሁዳዊት ነበረች። ሙከራ በሚቆጥረው በዛሬው ሕግ ቢሆን ኖሮ ወርቁ ለእንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ኦዳም ነበር።

ጥያቄ፦ የተሰደዱት ለምን ለተቀበላቸው አገር አልተወዳደሩም? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ በግል ተወዳድረዋል። በርግማን በ1937 አሜሪካ ገባች፤ በዚያው ዓመት በከፍታ ዝላይና በአሎሎ ውርወራ፣ በ1938 ደግሞ በከፍታ ዝላይ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነች። ለኦሊምፒክ ግን ዜግነት ያስፈልጋል፣ ዜግነት ደግሞ ዓመታት ይወስዳል፤ የ1940 እና የ1944 ውድድሮችም በጦርነቱ ተሰረዙ። አንዴ ለአንድ አገር ኦሊምፒክ የተሰለፈ ሰው የሌላ አገር ማሊያ እንዳይለብስ የሚከለክል ደንብም ነበር። ፕሬን እንግሊዝ ሆኖ ዊምብልደንን በግሉ ተጫወተ እንጂ ዳግም በዴቪስ ካፕ አልታየም።

ገንዘቡም አለ። ተሰዳጅ በጥሬው ይዞ መውጣት የሚፈቀድለት 10 ማርክ ብቻ ነበር። ንብረቱ ከ50,000 ማርክ በላይ ከሆነ ሩብ ያህሉ ለ«ስደት ግብር» ይሄዳል፤ የቀረው በታገደ ሒሳብ ተቀምጦ ወደ ውጭ ምንዛሪ ሲቀየር አብዛኛው ይቀልጣል። አዲስ አገር ደርሶ ክለብ፣ አሰልጣኝና ጫማ ከመፈለጉ በፊት ሥራ መፈለግ ግድ ነበር፤ በርግማንም መጀመሪያ የሰው ቤት ሠርታለች።

ስለ ጀርመናዊቷ የሻሞላ ስፖርተኛ ሄለን ማየር ብዙ ጊዜ ስለምንጠየቅ አብረን እንመልስ። አባቷ አይሁዳዊ ነበሩ፤ በ1928 በ17 ዓመቷ ወርቅ ያገኘች፣ በ1933 የኦፈንባህ ክለቧ ከመዝገቡ የፋቃት ናት። ካሊፎርኒያ ሳለች ለ1936ቱ የጀርመን ቡድን ተጠራች፣ ሄደች፣ ብር አገኘች፣ መድረኩ ላይም የናዚን ሰላምታ ሰጠች። ይህን ለማስተባበል የሚደክሙ አሉ፤ ፎቶው ግን አለ። ያም ሆኖ ወደ አሜሪካ ተመልሳ ኖረች።

ጥያቄ፦ ሪከርዶቻቸው ተመልሰዋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የአንዳንዶቹ፣ በጣም ዘግይቶ። የቪየናው የአይሁድ ክለብ የሃኮአህ ዋናተኞች ዩዲት ዶይች፣ ሩት ላንገርና ሉሲ ጎልድነር በርሊን አንሄድም በማለታቸው የቀጣቸው የራሳቸው የኦስትሪያ ፌዴሬሽን ነው፤ አገዳቸው፣ ውጤታቸውንም ሰረዘ። የዶይች ሪከርዶች የተመለሱት በ1995 ነው፤ እሷ ያኔ እስራኤል ውስጥ ነበረች። የበርግማንን 1.60 የጀርመን አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ያጸደቀው በ2009 ሲሆን አትሌቷ 95 ዓመቷ ነበር። ስለዚህ የቆዩ የውጤት ዝርዝሮችን ሲያዩ የታተሙበትን ዓመት ያረጋግጡ፤ ከእነዚህ ዓመታት በፊት በወጡት ላይ ስማቸውን ቢያጡት አይገረሙ።