«የጾም ነው» የተባለው ምሳ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ወለተ ሥላሴ እባላለሁ። የምሠራው አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ነው። ቤቴ ሩቅ ስለሆነ ምሳ የምበላው ከቢሯችን ጀርባ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት፣ ካልሆነም ከመንገድ ዳር ነው። አሁን ፍልሰታ ገብቷል። ሽሮ ሳዝዝ «የጾም ነው» ይሉኛል። ባለፈው ግን ለሌላ ሰው እንቁላል የጠበሱበትን መጥበሻ ሳያጥቡ የእኔን ድንች ሲጨምሩበት በዓይኔ አየሁ። ጾሜ ፈረሰ? የምሳ ሰዓታችን ደግሞ 6፡30 ነው። ሳምቡሳ የምትሸጥልኝ እናት ሙስሊም ናቸው፤ ጓደኛዬ «ከእሳቸው መግዛት የለብሽም» አለችኝ። መንገድ ላይ መብላትስ ነውር ነው ወይስ ኃጢአት?

መልስ፦ እህቴ ወለተ ሥላሴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። አብዝቶ ያስጨነቀሽ መጥበሻው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ከዚህ በፊት ሳታውቂ የበላሽው ጾምሽን አላፈረሰውም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሳትመራመሩ ብሉ ካላቸው በኋላ፣ ወዲያው ደግሞ አንድ ሰው ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ ከነገራችሁ ግን ተዉት ይላቸዋል (1ኛ ቆሮ. 10)። ነገሩ የተጻፈው ስለ ጣዖት መሥዋዕት እንጂ ስለ ጾም አይደለም፤ ቢሆንም መንገዱን ያሳየናል። ሰው ወጥ ቤት ገብቶ ድስት እየከፈተ እንዲመረምር አልታዘዘም። አንዴ ካየ ወይም ከተነገረው በኋላ ግን «ምን ቸገረኝ» ብሎ መጉረስ የለበትም። አንቺም መጥበሻውን አይተሻል። ስለዚህ ድንቹን ትተሽ ሌላ ነገር ማዘዝ፣ ወይም «እባክሽ በሌላ መጥበሻ ጥበሽልኝ» ማለት ነው። እናቶቻችን ሁዳዴ ሊገባ ሲል ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ሰታቴውን ሁሉ በአመድ ፈትገው የሚያጥቡት ቅቤው ከዕቃው ጋር እንዳይከርም ብለው ነው። ሸክላ ደግሞ ቅቤ ይጠጣል፤ ተጋቢኖ የምትወጂ ከሆነ ይህን አትርሺ።

አጠያየቅሽን ግን ቀይሪ። «የጾም ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ «አይደለም» የሚል አስተናጋጅ አታገኚም። ቁሌቱ በምንድን ነው? ይህ ሸክላ ቅቤ ይገባበታል? ብለሽ ጠይቂ። ፉል ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው በአንድ ድስት ነው፤ ቅቤውና እንቁላሉ የሚጨመረው ሳህን ላይ ስለሆነ ቀድመሽ «ያለ ቅቤ» በያቸው። ቦምቦሊኖ ሊጡ ውስጥ እንቁላል ወይም ወተት የሚያደርጉ አሉ፤ የማያደርጉም አሉ። በየዓይነቱ ብዙም አያሳስብም። በእውነት ጠይቀሽ፣ ሻጯም በእውነት ከመለሰችልሽ፣ አማትበሽ ብዪ፤ ከዋሸችሽ የሚጠየቀው የዋሸው ነው።

የራሴን ላጫውትሽ። ተማሪ ሳለሁ በነቢያት ጾም ከአንዲት ቤት «ፓስታ በአትክልት» አዝዤ ግማሹን ከበላሁ በኋላ ሹካዬ ላይ የተፈጨ ሥጋ ወጣ። ተነሥቼ ጮህኩ፣ ልጅቷን ሰው ፊት አዋረድኳት፣ ሒሳቡንም ሳልከፍል ወጣሁ። ማታ ለንስሐ አባቴ ስለ ሥጋው ስናገር ዝም ብለው ሰሙኝና «ለልጅቷስ ምን አልካት?» አሉኝ። የተናገርኩትን ነገርኳቸው። ስለ ሥጋው ምንም አላሉኝም። በማግሥቱ ሄጄ ልጅቷን ይቅርታ እንድጠይቅና የፓስታውን ዋጋ እንድከፍል አዘዙኝ። ስሄድ ገንዘቡ ከደመወዟ ተቆርጦባት ነበር። አንቺም እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ መብላቱን አቁሚ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ጾሙን ግን ቀጥዪ። «አንዴ ፈርሷል» ብሎ ክትፎ ማዘዝ የለም።

ደግሞ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። አሁን በየካፌው የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ ሞልቷል። ክልክል ነው አልልም፤ ቅቤና ወተት ከሌለበት የለበትም። ነገር ግን ከጾሙ በፊት ለምሳ ከምታወጪው በላይ በጾሙ የምታወጪ ከሆነ ቁጭ ብለሽ አስቢበት። በፍልሰታ ሱባኤ ይዘው ጥሬና ቆሎ ብቻ እየቀመሱ የሚሰነብቱ አሉ። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ይላል፤ ከምሳ የተረፈው ገንዘብ ወደዚያ ነው የሚሄደው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጾም የምግብ ዓይነት መለወጥ ብቻ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም በታወቀ ጊዜ ከመብል መከልከል ነው ይላል። 6፡30 ላይ ሽሮ የበላ ሰው ከሥጋና ከቅቤ ተከልክሏል፤ ሰዓቱን ግን አልጾመም። እስከ 9 ሰዓት የምንቆየው ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠባት ሰዓት ስለሆነች ነው። አለቃሽን ለምነሽ እስከ ነሐሴ 16 ድረስ ዕረፍትሽን ወደ 9 ሰዓት ማዛወር ትችዪ እንደሆነ ሞክሪ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሞላልሽ ባልደረባ አይጠፋም። ካልተቻለ፣ ወይም ሕመም ካለብሽ፣ የሚወስንልሽ የንስሐ አባትሽ እንጂ እኔ አይደለሁም። በ9 ሰዓት የምግብ ቤቱ ሽሮ አልቆ ድስቱ ይታጠባል፤ ያን ጊዜ የምታተርፍሽ የመንገድ ዳሯ ሻጭ ናት።

ስለ ሳምቡሳዋ እናት ጓደኛሽ የሥጋን ሥርዓት ከምስር ጋር ቀላቅላዋለች። በአገራችን ክርስቲያኑ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን፣ ሙስሊሙም በራሱ ሥርዓት የታረደውን ይበላል፤ ይህ የቆየ ነው፣ አንዱ ሌላውን የሚያስቀይምበትም አይደለም። ምስር አይታረድም። መጠየቅ ያለብሽ በዚያው ዘይት የሥጋ ሳምቡሳ ይጠበስ እንደሆነ ብቻ ነው። በአክብሮት ጠይቂያቸው፤ የአንዱ መብል ከሌላው እንዳይቀላቀል መጠንቀቅን እሳቸውም በቤታቸው ያውቁታል። ደግሞም ስትገዢ ዋጋ አትከራከሪያቸው።

መንገድ ላይ መብላት በእኛ ባህል ነውር ይባላል፣ በተለይ ለሴት፤ ኃጢአት የሚል ግን አላገኘሁም። ጌታ አምስት ሺውን ሰው የመገበው ሣር ላይ አስቀምጦ ነው። ከትንሣኤው በኋላም ደቀ መዛሙርቱን በባሕር ዳር ዓሣ በፍም ላይ አዘጋጅቶ ጠብቋቸዋል። ዘወትር የሚረሳው ግን ባርኮ መስጠቱ ነው። ዳቦውን በሣሩ ላይ ባረከ፤ አንቺም ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነሽ እጅሽን አማትበሽ አቡነ ዘበሰማያትን በልብሽ ማድረስ አያቅትሽም። ሰው አየኝ ብለሽ አታፍሪ፤ ሰው እንዲያይሽ ብለሽም አታድርጊው።

አሁን ወቅቱ የእሸት ነው፤ በየመንገዱ ጠርዝ ከሰል ላይ በቆሎ እየተገለበጠ ነው። እርሱ መጥበሻም ዘይትም የለውም፣ ጥያቄም አያስነሣም። ከ9 ሰዓት በኋላ ገዝተሽ ብዪ። የቆረብሽ ዕለት ብቻ ይቅርብሽ፤ በዚያን ቀን የሚተፋ ነገር አይበላምና በቆሎውም ሸንኮራውም እስከ ነገ ይቆያሉ።