ስህተቱ ጠፋ፣ መልሱ ግን ተበላሸ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የተማሪዎችን አማካይ ውጤት የሚያሰላ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ጓደኛዬ ላከልኝ። የራሴን መስመሮች ስጨምርበት «ታብኤረር» የሚል ስህተት መጣ። በዓይን ሲታዩ ግን መስመሮቹ እኩል ናቸው። ወዲያ ወዲህ ሳደርጋቸው ስህተቱ ጠፋ። አሁን ደግሞ የ70፣ የ80 እና የ90 አማካይ 23.33 ነው ይለኛል። ምን ይሻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የገጠሙህ ሁለት ችግሮች ናቸው፤ ከባዱ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ታቡን እንጨርስ። ከአንተና ከጓደኛህ አንዳችሁ መስመሩን ከግራ ወደ ውስጥ የምታስገቡት በታብ ቁልፍ ነው፣ ሌላችሁ በስፔስ (በባዶ ቦታ) ቁልፍ። ስክሪን ላይ አይለዩም፤ ለፓይተን ግን የተለያዩ ናቸው። ፓይተን 3 የተደበላለቀ ሲያገኝ አልገምትም ብሎ ይቆማል። ደግ አደረገ። ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ላይ ከሆንክ ኮንትሮልን ከ«ኤ» (A) ጋር ተጭነህ ኮዱን በሙሉ ምረጥ። ስፔሱ በነጥብ፣ ታቡ በቀስት ይታይሃል። ከዚያ ከታች በቀኝ በኩል ስፔስ ወይም ታብ የሚለውን ጽሑፍ ተጫንና «ኮንቨርት ኢንደንቴሽን ቱ ስፔስስ» በል። ለአንድ ደረጃ 4 ስፔስ ይበቃል፤ ፔፕ 8 የተባለው የፓይተን አጻጻፍ መመሪያም ይህንኑ ይመክራል።

አሁን ወደ 23.33። 70ን ለ3 አካፍለው፤ ያው ራሱ ነው። ኮድህ አንድ ውጤት ብቻ ደምሮ ወጥቷል ማለት ነው። መስመሮቹን ስትገፋ «ሪተርን» (ውጤቱን መልሶ ሥራውን የሚዘጋው ትእዛዝ) ፎር ሉፑ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ውጤት በሚደገመው ክፍል ውስጥ ገብቶብሃል። ሉፑ 70ን እንደደመረ ሪተርን ያገኛል፣ አማካዩን የሚያሰላው የኮድ ክፍል (ፈንክሽኑ) እዚያው ያበቃል። በሲ ወይም በጃቫ ቋንቋ ሉፑ የት እንደሚያልቅ የሚናገረው ቅንፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ፓይተንን ያወጣው ጊዶ ቫን ሮሱም ግን ይህን ሥራ ለመስመሩ አገባብ ሰጠው። ስለዚህ 4 ስፔስ ስትጨምር የኮዱን ትርጉም ቀየርክ። ሕግ ስላልጣስክ ደግሞ ፓይተን ምንም አይልህም።

ስህተቱ እስኪጠፋ ድረስ መስመር መግፋትን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። ሰው ያንን ቁጥር አምኖ ውጤት ሊለጥፍ ይችላል! ስፔስ ከመንካትህ በፊት ስለ እያንዳንዱ መስመር ጠይቅ፦ ይህ ሥራ ለእያንዳንዱ ተማሪ ይደገማል ወይስ ሁሉም ካለቀ በኋላ አንዴ ይሠራል? መደመሩ ይደገማል፤ ከፎር ሥር 4 ስፔስ ይግባ። ማካፈሉና ሪተርኑ አንዴ ናቸው፤ ከፎር ጋር እኩል ይቁሙ። ያኔ 80.0 ይሰጥሃል።