የአያቴን ደም ልጄ ይከፍላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አያቴ በወጣትነቱ በድንበር ጠብ ሰው ገድሏል። እኔ ሳልወለድ በፊት ነው። አሁን በ40 ቀኑ ክርስትና ያስነሳሁት የ6 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ ይዞታል። ሰሞኑን ቡና ላይ አንዲት ጎረቤቴ «የአያትሽ ደም ነው፤ እስከ አራት ትውልድ ይከተላል፤ መጽሐፉም ይለዋል» አለችኝ። ቆጠርኩት። አያቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ልጄ። አራት ሆንን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እግዚአብሔር ፍቅር ከሆነ ሕፃን ምን አጠፋ ብሎ ይቀጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ልጅሽ የአያትሽን ደም እየከፈለ አይደለም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ቅዱስ መጽሐፍ የሚለው ይህንኑ ነው። ጣትሽን እያጠፍሽ ትውልድ መቁጠርሽ ግን አንጀቴን በልቶታል።

ጎረቤትሽ የጠቀሰችው ቃል በእርግጥ አለ። በዘጸአት 20 እግዚአብሔር የአባቶችን ኃጢአት «በሚጠሉኝ» ላይ እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ እንደሚያመጣ ይናገራል። ሰው ሲጠቅሰው ሁለት ነገር ይዘላል። አንዱ «በሚጠሉኝ» የምትለዋ ቃል ናት። የአባቱን ክፋት ተቀብሎ በዚያው የቀጠለውን ነው የሚለው። ሁለተኛው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ ለሚወድዱት ምሕረቱ «እስከ ሺህ ትውልድ» ነው። መቁጠርሽ ካልቀረ ከዚህኛው ጀምሪ።

ሙሴ ይህንን ቃል ምን እንዳደረገበት ታውቂያለሽ? ዘኍልቍ 14ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሰላዮቹ ከከነዓን ተመልሰው ወሬ ነዙ፤ ሕዝቡም «ወደ ግብፅ እንመለስ» ብሎ አጉረመረመ። እግዚአብሔር ላጥፋቸው አለ። ሙሴ በመካከል ቆመና ያንኑ ቃል፣ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ የሚለውን ሳያስቀር፣ ለራሱ ለእግዚአብሔር መልሶ ነገረው። ወዲያው ደግሞ ይቅር በላቸው ብሎ ለመነ። እኛ ሰው ለማስፈራሪያ የምንመዘው ጥቅስ ለሙሴ የምልጃ ቃል ነበር። መልሱም መጣ፦ «እንደ ቃልህ ይቅር አልሁ»።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ይቅር ተብለውም 40 ዓመት በምድረ በዳ ተንከራተቱ። ልጆቻቸውም አብረው ተንከራተቱ፤ የአባቶቻቸውን ጥፋት ይሸከማሉ ተባለ። በኋላ ዮርዳኖስን ተሻግረው ርስቱን የወረሱት ደግሞ እነዚያው ልጆች ናቸው።

በሕዝቅኤል 18 በበኩሉ «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» ይላል። የዚያ ዘመን ሰዎች «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ» የሚል ተረት ነበራቸው፤ እኛ የአባት ዕዳ ለልጅ እንደምንለው ማለት ነው። እግዚአብሔር ይህን ተረት ከእንግዲህ አትተርቱም አላቸው። ታዲያ አንዱ ይሸከማል፣ ሌላው አይሸከምም ሲል ይጋጫል? አይጋጭም። ልጅ የአባቱን በደል አይወርስም፤ በደሉ የተወውን ጠባሳ ግን ሊወርስ ይችላል። አባት ቤቱን በመጠጥ ቢጨርስ ልጁ ይራባል። የተራበው ግን ተፈርዶበት አይደለም።

እኛ የወሎ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። በ1965 እና በ1966ቱ ረሃብ ዝናቡ ቀረ፤ ሹማምንቱ ደግሞ ረሃቡን ደበቁ። የደበቀው ሌላ፣ ያለቀው ሕፃን ሌላ። «ወሎን እግዚአብሔር ረግሟት ነው» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዛሬም ስሰማው ያመኛል። ሰው ያጠፋውን በእግዚአብሔር ላይ መለጠፍ ነው።

የልጅሽ ሕመም ደግሞ ጠባሳም አይደለም። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ መድኃኒትም አለው። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉ ጌታ ምን አላቸው? እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው። ዮሐንስ 9 ላይ ነው። ከዚያ ዓይኑን አበራለት።

የአያትሽ ደም ጠባሳ ካለው ያለው በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ነው። ለመሆኑ ደሙ ደርቋል? ሁለቱ ወገኖች በሽማግሌ ታርቀዋል ማለቴ ነው። ከዓመታት በፊት ከደሴ ወጣ ብላ ባለች መንደር ደም ሲደርቅ ተቀምጬ ነበር። አበጋር የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ቄሱም ሼኹም፣ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ናቸው። ከገዳይ ወገን የቀረበው ወጣት ግድያው ሲፈጸም ገና አልተወለደም። ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። የሟች ባለቤት አሮጊት ናቸው። ማንም ሳያዛቸው ተነሡና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። ትከሻው ላይ የቀረውን አፈር በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። «አንተ ምን አረግህ ልጄ» አሉት።

ባላቸው የተገደለባቸው እናት ከገዳዩ ወገን የመጣውን ልጅ በደለኛ ካላደረጉት፣ እኚህን እናት የፈጠረ አምላክ ልጅሽን ይይዝበታል?

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን አንድም ቀን እንዳታቋርጪበት። ጠበልም ውሰጂው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። «የዘር እርግማን እንቆርጣለን» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅሽ አንድ ብር እንዳትሰጪ። የሆድሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ደሙ ሳይደርቅ ቀርቶ ከሆነ ወንድሞችሽን አማክሪና ሽማግሌ ላኩ፤ ልጅሽ እንዲድን ብላችሁ ሳይሆን የዚያ ቤት ሰዎችም ስላዘኑ ነው። ያቺን ጎረቤትሽንም አትቀየሚያት። ቡና ስትጠሪያት ዘኍልቍ 14ን አንብቢላት።

የልጅሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ። ለእሑድ ቅዳሴ ለቄሱ እሰጣቸዋለሁ።