ውጤቱ ከማሽኑ በፊት ነው የሚሠራው

ውድ ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

የመድኃኒት ጥራት ላብራቶሪ አዲስ የሚገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የድብልቅን ክፍሎች ለያይቶ የሚለካው ማሽን፣ ኤችፒኤልሲው ላይ ነው። አልፈርድበትም፤ ድንቅ መሣሪያ ነው። ግን ማሽን የሰጣችሁትን ነው የሚለካው። ክኒኑ ውስጥ ስንት ሚሊግራም መድኃኒት እንዳለ በትክክል የምታውቁት ወይም የምትስቱት ሚዛኑና ፍላስኩ ጋ ነው።

የብሪታንያ የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፍ በሆነው በብሪቲሽ ፋርማኮፒያ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረውን የፓራሲታሞል ክኒን ምርመራ እዩ። ሃያ ክኒን መዝናችሁ ትፈጫላችሁ። 150 ሚሊግራም ፓራሲታሞል የሚይዝ ዱቄት ወስዳችሁ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድና በውሃ ታሟሟላችሁ፣ እስከ 200 ሚሊ ሊትር ትሞላላችሁ፣ ታጣራላችሁ። ከዚያ ከተጣራው 10 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ እስከ 100 ታቀጥናላችሁ፣ ከእሱ ደግሞ 10 ወስዳችሁ እስከ 100። በመጨረሻ ሶሉሽኑ የ257 ናኖሜትር ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ ማንበብ ነው። ንባቡ ወዲያው ያልቃል። ፈሳሹን የምትለኩበት ቱቦ፣ ፒፔቱ ላይ ግን 0.1 ሚሊ ሊትር ከጎደለ 1 በመቶ ሄደ። በ500 ሚሊግራም ክኒን ሲሰላ 5 ሚሊግራም ነው። ሁለተኛው ላይም ከተደገመ 2 በመቶ ሆነ። የተፈቀደው ደግሞ ከ95 እስከ 105 በመቶ ብቻ ነው።

በድምፅ ሞገድ ከሚያሟሟው መሣሪያ፣ ከሶኒኬተር የወጣ ፍላስክ ሞቅ ይላል። ቸኩላችሁ እስከ መስመሩ ከሞላችሁት ሲቀዘቅዝ መጠኑ ይቀንሳል፣ ውጤታችሁም ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪደርስ ጠብቁ። ስታጣሩም መጀመሪያ የወጣውን ጥቂት ሚሊ ሊትር ድፉት፤ አንዳንድ ማጣሪያ መድኃኒቱን ራሱ ይይዛል። እነዚህ ተራ ነገሮች ይመስላሉ። እኔ ግን የአንድን ተንታኝ ችሎታ የማየው እዚህ ላይ ነው።

ዘዴ ስትመርጡ ደግሞ «ምን ሊያሳስተኝ ይችላል?» በሉ። አስፒሪን እርጥበት ሲያገኘው ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አሲድ ይፈርሳል። በቀጥታ በአልካሊ ቲትሬት ካደረጋችሁት፣ ማለትም አሲዱ እስኪያልቅ አልካሊ እያንጠባጠባችሁ ከለካችሁት፣ እነዚያም አሲዶች ናቸውና አብረው ይቆጠራሉ። የተበላሸ ክኒን ደህና መስሎ ያልፋል ማለት ነው። ኤችፒኤልሲ ዋጋው የሚታየው እዚህ ጋ ነው፤ አስፒሪኑን ከፍራሹ ለይቶ ያሳያችኋል። ቲትሬሽን ግን ጊዜው አልፎበታል ብላችሁ አትናቁት። ንጹሕ ጥሬ መድኃኒት ለመለካት ዛሬም ተወዳዳሪ የለውም።

ሌላው፣ አማካይ አያታልላችሁ። ሃያ ክኒን አብሮ ሲፈጭ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት አስቡ፤ አንዱ ክኒን 0.25 ሚሊግራም ነው። በሽተኛው የሚውጠው አማካዩን አይደለም፣ እጁ ላይ ያለችውን አንዷን ክኒን ነው። አንዷ በጣም ካነሰች ልቡ አይታገዝም፣ ከበዛች ደግሞ ትመርዘዋለች። ክኒኖች አንድ በአንድ የሚለኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ውጤት ከገደብ ውጭ ሲወጣ «እስቲ ድገመው» የሚል አለቃ ያጋጥማችኋል። ደግማችሁ 97 ቢወጣ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በአንድ መድኃኒት አምራች ጉዳይ ሲበይን፣ እስኪያልፍ ድረስ እየደጋገሙ መመርመር ተቀባይነት እንደሌለው ግልጽ አድርጓል። ምክንያቱ ሳይገኝ የወደቀ ውጤት አይሰረዝም።

ስለዚህ 94.1 ስታዩ ምንም አትድፉ። ፍላስኮቹ፣ የቀጠነው ሶሉሽን፣ የተረፈው ዱቄት ባሉበት ይቆዩ። ለኃላፊያችሁ ንገሩና አብራችሁ ወደኋላ ሂዱ፦ የሚዛኑን ወረቀት፣ የሪፈረንስ ስታንዳርዱን (የማወዳደሪያውን ናሙና) ንጽሕናና እርጥበት፣ የቅጥነቱን ስሌት፣ የስታንዳርዱ ተደጋጋሚ ንባቦች መቀራረባቸውን እዩ። ስህተቱ ከላብራቶሪው ከሆነ በጽሑፍ አስፍሩትና ድገሙት። ካጣችሁት ክኒኑ ጎዶሎ ሊሆን እንደሚችል ተቀበሉና ጉዳዩን ወደ ማምረቻው ክፍል አድርሱት፤ ምርቱም እስኪጣራ ከመጋዘን አይውጣ።