የነርሷ ዲግሪ እና የዩኔስኮ ደረጃ

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ኢትዮጵያ ውስጥ በነርስነት የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ ወደ ጀርመን መጥታለች። እዚህ አብዛኞቹ ነርሶች ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ በሦስት ዓመት አውስቢልዱንግ (ከሥራ ልምምድ ጋር የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና) የሠለጠኑ ናቸው። የአገሮችን ትምህርት የሚያነጻጽረው የዩኔስኮ አመዳደብ የእሷን ዲግሪ ከእነሱ በላይ እንደሚያስቀምጠው ሰምቻለሁ። ታዲያ ለምን እንደገና ተፈተኚ ይሏታል? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ የሰሙት ልክ ነው። ዩኔስኮ በ1970ዎቹ አዘጋጅቶ በ1997 እና በ2011 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው፣ በአጭሩ ኢስኬድ የሚባለው አመዳደብ፣ ትምህርትን ከቅድመ አንደኛ ደረጃ እስከ ዶክትሬት ከ0 እስከ 8 በሚደርሱ ደረጃዎች ይከፍላል። የመጀመሪያ ዲግሪ 6ኛው ላይ ሲያርፍ፣ የጀርመን ነርስ ትምህርት ቤቶች የሦስት ዓመት ሥልጠና ግን ከከፍተኛ ትምህርት በታች፣ 4ኛው ላይ ተመድቧል።

ይሁን እንጂ ኢስኬድ የተዘጋጀው ለስታቲስቲክስ ነው። እኛ ዘንድ ለረጅም ጊዜ እስከ 8ኛ ክፍል ይዘልቅ የነበረው አንደኛ ደረጃ በአብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች 4 ዓመት ብቻ ስለሆነ (በርሊንና ብራንደንቡርግ 6 ናቸው)፣ መጠሪያውን ወደ ጎን ትቶ የትምህርቱን ይዘትና የመግቢያ መስፈርቱን በማየት መርሐ ግብሮችን ይመድባል፤ የአንዲት ተመራቂን ብቃት ግን አይመዝንም። ለስታቲስቲክስም ቢሆን ነርስነት ላይ ሲደርስ ይቸገራል። በስፔንና በእንግሊዝ ነርሶች በዲግሪ ስለሚሠለጥኑ በከፍተኛ ትምህርት ተመራቂነት ይቆጠራሉ፤ በጀርመን ግን ያንኑ መርፌ የሚወጋው፣ ያንኑ ቁስል የሚያጥበው ባለሙያ ከቁጥሩ ውጭ ይቀራል። ጀርመኖች በዚህ ማጉረምረማቸው እኔ እንደማየው ያለምክንያት አይደለም።

የእህትዎ ልጅ ጉዳይ የሚታየው በሌላ ሕግ ነው። ነርስነት በጀርመን ያለ ፈቃድ የማይሠራበት ሙያ በመሆኑ፣ የምትኖርበት ግዛት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተማረችውን ከጀርመኑ ሥልጠና ጋር በይዘት ያስተያያል፤ ጉልህ ልዩነት ካገኘና የሥራ ልምዷም ካልሸፈነው፣ የዕውቀት ፈተና ወይም የማሟያ ሥልጠና ያዛል። የጀርመንኛ ችሎታም ለብቻው ይጠየቃል። ስለዚህ የዲግሪዋን ደረጃ እየጠቀሱ ከመሟገት ይልቅ፣ የየትምህርቱን ሰዓትና የሆስፒታል ልምምዷን በዝርዝር የሚያሳይ ማስረጃ ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ አስወጥታ፣ ከሥራ ልምድ ወረቀቷ ጋር አስተርጉማ ብታቀርብ ይበጃታል።